ማይላችሁ ስንት ሳንቲም ያወጣል? ከአየር መንገድ ማይልና ከጉዞ ክሬዲት ካርድ ጥሩ ጥቅም የማግኛ መመሪያ

ማይል አየር መንገዶች ለደንበኞቻቸው በሽልማት የሚሰጡት፣ በኋላ ትኬት የሚቆረጥበት ሂሳብ ነው። ከስሌት እንጀምር። አንድ የደርሶ መልስ ትኬት በገንዘብ 900 ዶላር ነው እንበል። ያንኑ በረራ በማይል ስትፈልጉት 60,000 ማይልና 60 ዶላር ታክስ ይላችኋል። ከ900 ላይ 60ውን ቀንሱ፣ 840 ይቀራል። 840ን ለ60,000 አካፍሉ፣ 0.014 ይመጣል። በዚህ ትኬት ላይ አንዷ ማይል 1.4 የዶላር ሳንቲም አወጣች ማለት ነው።

ስለ ማይል የሚወራው ሁሉ፣ ካርዱም ቦነሱም ላውንጁም (የኤርፖርቱ ልዩ ማረፊያ ክፍል)፣ ዞሮ ዞሮ እዚህች ቁጥር ላይ ያርፋል። ያው 60,000 ማይል ዕቃ ሲገዛበት ወይም በስጦታ ካርድ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ለአንዷ አንድ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ጥሩ በረራ ላይ ሲውል ደግሞ ሁለት ሳንቲምና ከዚያም በላይ ሊያወጣ ይችላል። ማይሉ ያው ነው፤ የሚለየው አጠቃቀሙ ነው።

ከዚህ በኋላ «ማይል» ስል አየር መንገዱ አካውንት ውስጥ ያለውን ነው። «ነጥብ» ስል ደግሞ ባንኩ በካርዳችሁ ምክንያት የሚሰጣችሁን ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ ይፈለጋል።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ቁጠሩ

በየአየር መንገዱና በየባንኩ የከፈታችሁትን አካውንት ሁሉ አንድ ቦታ መዝግቡ። የአባልነት ቁጥሩን፣ ያለውን መጠን፣ የሚቃጠልበትን ቀን። የድሮ ኢሜይላችሁን ብትፈትሹ የረሳችሁት አካውንት አይጠፋም። በቅርቡ ከአንድ ወዳጄ ጋር ቁጭ ብለን ይህንኑ ስናደርግ አራት አካውንት ተገኘ። አንዱ ላይ 3,200፣ ሌላው ላይ 7,500፣ ሦስተኛው ላይ 11,000። አራተኛው ባዶ ነበር፣ ማይሉ ቀድሞ ተቃጥሏል። ሲደመር ደህና ቁጥር ነው፤ ችግሩ ግን አይደመርም። የአንዱ አየር መንገድ ማይል ከሌላው ጋር ብዙ ጊዜ አይቀላቀልም። አቪዮስ ከዚህ ይለያል፤ ብሪቲሽ ኤርዌይስ፣ ኳታር ኤርዌይስ፣ አይቤሪያ፣ ፊንኤርና ኤር ሊንገስ በጋራ ስለሚጠቀሙበት ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል።

የሚቃጠልበትን ቀን ስትመዘግቡ ዓይነቱንም ለዩ። አንደኛው ዓይነት አካውንቱ ዝም ሲል የሚቃጠል ነው። የአሜሪካን ኤርላይንስ ማይል ለ24 ወር እንቅስቃሴ ካጣ ይጠፋል። ትንሽ ማይል ብታስገቡበት ወይም ብታወጡበት ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለተኛው ዓይነት እንቅስቃሴ አያድነውም። የሲንጋፖር አየር መንገድ ማይል በመደበኛው ደንብ ካገኛችሁት ሦስት ዓመት ሲሞላው ይቃጠላል፣ በየወሩ ብትበሩም ያው ነው። የዩናይትድና የዴልታ ማይል የማብቂያ ቀን የለውም። እንግዲህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሁለተኛው ዓይነት ነው።

ደረጃ 2፦ ማይሉ የሚገባበትን አንድ ቤት ምረጡ

የወዳጄ ችግር የመነጨው በየበረራው አዲስ አካውንት ከመክፈት ነው። የሄደበት አየር መንገድ «አባል ሁን» ባለው ቁጥር እሺ ይላል፣ ማይሉም በየቦታው ተበትኖ ይቀራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር የምትበሩበት አየር መንገድና ማይሉን የምታስገቡበት አየር መንገድ የግድ አንድ መሆን እንደሌለባቸው ነው።

ትልልቆቹ የአየር መንገዶች ኅብረቶች ሦስት ናቸው። ስታር አሊያንስ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ዋንዎርልድ በ1999፣ ስካይቲም በ2000 ተጀመሩ። በአንድ ኅብረት ውስጥ ያሉ አየር መንገዶች አንዱ የሌላውን ተሳፋሪ ማይል ይቀበላሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በርራችሁ ማይሉን የዩናይትድ ወይም የኤር ካናዳ አካውንታችሁ ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ። በሉፍታንዛ በርራችሁም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም በሆነው ሸባማይልስ ላይ መሰብሰብ ትችላላችሁ። ኤርፖርት ላይ ወይም ትኬት ስትቆርጡ የምትሰጡት የአባልነት ቁጥር ነው የሚወስነው።

የቱን ልምረጥ ለሚል ሰው የእኔ መልስ፣ ማይሉን ለመጠቀም የሚቀናችሁን ምረጡ የሚል ነው። በወረቀት ላይ ብዙ ማይል የሚሰጥ ፕሮግራም ትኬቱንም በብዙ ማይል ሊሸጥላችሁ ይችላል። ደጋግማችሁ የምትሄዱበትን መስመር አስቡ። የትኛው ኅብረት ነው እዚያ የሚበረው? በዚያ ኅብረት ውስጥ ካሉት ፕሮግራሞች ማይሉ ቶሎ የማይቃጠለውና ለዚያ መስመር ጥቂት ማይል የሚጠይቀው የቱ ነው?

ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ የዋጋ መደቡን እዩ። እያንዳንዱ ትኬት ላይ አንዲት የላቲን ፊደል አለች። ርካሽ ኢኮኖሚም ሆነ ውድ ኢኮኖሚ ወንበሩ ያው ነው፤ ፊደሏ ግን ትለያለች። የ5,000 ማይል ርቀት ያለው በረራ በአንዷ ፊደል ሙሉ 5,000 ማይል ያስገኛል፣ በሌላዋ 25 በመቶ ብቻ ማለትም 1,250 ያስገኛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ምንም። አየር መንገዶቹ የትኛዋ ፊደል ስንት በመቶ እንደምትሰጥ በየድረ ገጻቸው ላይ በሰንጠረዥ ያስቀምጣሉ። ዴልታና ዩናይትድ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በራሳቸው በረራ ላይ ማይል የሚሰጡት በከፈላችሁት ገንዘብ ልክ ነው እንጂ በርቀቱ አይደለም። ርካሽ ትኬት የሚገዛ ሰው እንዲህ ካለው ፕሮግራም በበረራ ብቻ ብዙ አያገኝም።

በረራው አልቆ ማይሉ አካውንታችሁ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉ። ካልገባ የምትጠይቁት በእሱ ነው፣ የመጠየቂያው ጊዜም ገደብ አለው። አካውንቱ ላይ ያለው ስማችሁም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ አንዷ ፊደል አንዴ ትደገማለች፣ አንዴ ትቀራለች። ማይል ሳይገባ ሲቀር መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ደረጃ 3፦ ካርዱን ከማመልከታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ

ጥያቄው አንድ ነው። በየወሩ የመጣውን ሂሳብ ሙሉ በሙሉ፣ በቀኑ ትከፍላላችሁ? መልሱ «አንዳንዴ» ከሆነ ካርዱ ይቅርባችሁ። ይህን የምለው ሰው ሲጎዳ ስላየሁ ነው። 1,000 ዶላር በካርድ አወጣችሁ እንበል፣ 1,000 ነጥብ አገኛችሁ። በ1.4 ሳንቲም ሲሰላ 14 ዶላር ነው። ያንን 1,000 ዶላር በዓመት 24 በመቶ ወለድ ለአንድ ወር ብታሳድሩት ወለዱ 20 ዶላር ገደማ ይሆናል። በአንድ ወር ብቻ ስድስት ዶላር ከሰራችሁ። በሁለተኛው ወር ኪሳራው 26 ይገባል። ካርዱን እንደያዛችሁ በመጀመሪያው ቀን አውቶማቲክ ክፍያውን አስተካክሉ፤ ስታስተካክሉም «ዝቅተኛውን ክፍያ» ሳይሆን «ሙሉውን ሂሳብ» መምረጣችሁን ደግማችሁ እዩ።

መልሱ «አዎ» ከሆነ እንቀጥል።

የጉዞ ካርድ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የአንድ አየር መንገድ ስም ያለበት ካርድ ነው፤ የምታገኙት ቀጥታ የዚያን አየር መንገድ ማይል ነው። ሌላው የባንኩ የራሱ ነጥብ ያለው ካርድ ነው፤ ነጥቡን ስትፈልጉ ወደ ብዙ አየር መንገዶች ታዛውሩታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ቼዝ፣ አሜሪካን ኤክስፕረስ፣ ሲቲና ካፒታል ዋን እንዲህ ዓይነት ነጥብ ይሰጣሉ፣ ወደ አብዛኛው አየር መንገድም አንድ ለአንድ ይዛወራል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አንድ አየር መንገድ በአንድ ሌሊት የትኬቱን ማይል ቢያስወድድ የእናንተ ነጥብ ገና ባንክ ቤት ነው፣ ወደ ሌላ ትወስዱታላችሁ። አንድ አየር መንገድ ላይ ብቻ የምትበሩ፣ ሻንጣ የምታስጭኑና ካርዱ የሻንጣውን ክፍያ የሚያስቀርላችሁ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ይበጃችኋል።

አውሮፓ ላለ ሰው አንድ ነገር ልንገር። የአሜሪካ ካርዶችን ቦነስ አይቶ የሚናደድ ብዙ ነው። ምክንያቱ ወዲህ ነው። ባንኮች ነጥቡን የሚሰጡት በአብዛኛው በካርድ በተከፈለ ቁጥር ከነጋዴው ከሚያገኙት ድርሻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ደንብ ለግል ክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ ላይ ገደበው። ስለዚህ እዚያ ባንኩ ብዙ የሚያካፍለው ነገር የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ያላችሁ ከሆነ ለካርዱ ትልቅ ዓመታዊ ክፍያ ከመክፈል ደረጃ 2 ላይ ብትበረቱ ይሻላል።

ዓመታዊ ክፍያውን ስታሰሉ ካርዱ ባይኖርም ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን ብቻ ቁጠሩ። በዓመት አራት ጊዜ ሻንጣ የምታስጭኑ ከሆነ የነጻ ሻንጣው ገንዘብ ነው። ላውንጅ በገንዘባችሁ ገብታችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን የላውንጁን ጥቅም እንደ ገንዘብ አትቁጠሩት።

ቦነሱ

ትልቁ ነጥብ የሚመጣው ከዕለት ተዕለት ወጪ አይደለም፣ ከመግቢያ ቦነስ ነው። በሦስት ወር ውስጥ 4,000 ዶላር ብታወጡ 60,000 ነጥብ የሚል ካርድ አለ እንበል። ለአንድ ዶላር 15 ነጥብ ማለት ነው። በተራ ወጪ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው የምታገኙት። ቦነሱን ለማግኘት ሲሉ የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት ግን ስሌቱን ያበላሻል። የሦስት ወሩን አስቤዛ፣ ነዳጅ፣ ስልክና ኢንሹራንስ በወረቀት ላይ ደምሩት። 4,000 ካልሞላ ማመልከቻውን አቆዩትና ትልቅ ወጪ የሚመጣበትን ወር ጠብቁ። የትምህርት ቤት ክፍያ ሊሆን ይችላል፣ የመኪና ጥገና ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቀኑ ላይ ነው። ሦስቱ ወር ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ካርዱ ከተፈቀደበት ቀን ነው፣ ፖስታው ቤት ከደረሰበት ቀን አይደለም። ዓመታዊ ክፍያው ከ4,000 ውስጥ አይቆጠርም። ከኤቲኤም ያወጣችሁትም አይቆጠርም፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ገዝታችሁ የመለሳችሁት ዕቃም ይቀነሳል። ስለዚህ ልክ 4,000 ላይ አታቁሙ፣ ትንሽ አለፍ በሉ።

በካርድ ለሚከፍል 3 በመቶ የሚጨምር ነጋዴም ያጋጥማል። በተራው ጊዜ 1.4 ሳንቲም ለማግኘት 3 ሳንቲም መክፈል ነው፣ ተዉት። ቦነሱን ልትሞሉ ጥቂት ሲቀራችሁ ግን ያዋጣል።

በየወሩ አዲስ ካርድ አታመልክቱ። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ማመልከቻ በክሬዲት ታሪካችሁ ላይ፣ ማለትም አበዳሪዎች በሚያዩት የብድር መዝገባችሁ ላይ፣ ሁለት ዓመት ይታያል። የቤት ብድር ልትጠይቁ ያሰባችሁ ከሆነ ብድሩ እስኪያልቅ ካርዱን እርሱት።

ውጭ አገር ስትከፍሉ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። ብዙ ተራ ካርዶች በሌላ ገንዘብ ሲከፈልባቸው 3 በመቶ ገደማ ይቆርጣሉ፤ ጥሩ የጉዞ ካርድ ይህ የለበትም። የክፍያ ማሽኑ «በአገሩ ገንዘብ ወይስ በራስዎ?» ብሎ ሲጠይቃችሁም ሁልጊዜ በአገሩ ገንዘብ በሉ። በራሳችሁ ካላችሁ የምንዛሬውን ዋጋ የሚቆርጠው የነጋዴው ወገን ነው፣ ውድ ነው።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ወንበሩን አግኙ፣ ከዚያ ነጥቡን አዛውሩ

ይህን ቅደም ተከተል በገንዘቤ ነው የተማርኩት። ባንኬ ውስጥ 70,000 ነጥብ ነበረኝ። አንድ አየር መንገድ ድረ ገጽ ላይ የምፈልገውን ቀን አየሁና ደስ ብሎኝ ሁሉንም አዛወርኩ። ማይሉ በማግስቱ ገባ። ትኬቱን ልቆርጥ ስል ወንበሩ የለም። ደወልኩ፣ «ስክሪኑ ላይ ይታያል እንጂ እኛ ጋ የለም» ተባልኩ። ወደ ባንኩ መመለስ አይቻልም፤ ከባንክ ወደ አየር መንገድ የሄደ ነጥብ አይመለስም። ከዚያ ማይል ከግማሽ በላዩን ሳልጠቀምበት ቀኑ አልፎ ተቃጠለ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። አየር መንገዶች በማይል የሚሰጡት ወንበር ውስን ስለሆነ ቀኑን ጠንካራ አላደርግም። ሳምንቱን ሙሉ የሚያሳየውን ካላንደር ከፍቼ ማይሉ ዝቅ ያለበትን ቀን እፈልጋለሁ። ብዙ አየር መንገድ ወንበሩን የሚከፍተው ከ11 እስከ 12 ወር ቀደም ብሎ ነው። ያልተሸጠ ካለ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደገና ይለቃል። ሙሉው መስመር «የለም» ካለኝ በየክፍሉ ቆራርጬ እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ረጅሙን በረራ፣ ከዚያ ማገናኛውን። ረጅሙ ከተገኘ አጭሩ ብዙ ጊዜ መላ አያጣም።

ወንበሩ ከተገኘ ያንኑ ወንበር በሌላ ፕሮግራም ስንት እንደሚሸጥ አያለሁ። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ቀን፣ አንድ ወንበር በሁለት ፕሮግራሞች በጣም የተለያየ ማይል ሊጠየቅበት ይችላል። ከማይሉ በላይ የሚጨመረውም ገንዘብ ይለያያል። አንዳንድ ፕሮግራም «የነዳጅ ተጨማሪ» እያለ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጨምራል። ዩናይትድ ግን በአጋሮቹ በረራ ላይ ይህን አያስከፍልም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ባሰላነው ስሌት የሚከፈለው ገንዘብ ከትኬቱ ዋጋ ላይ የሚቀነሰው። 30,000 ማይልና 400 ዶላር የሚል ትኬት ከ45,000 ማይልና 40 ዶላር የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል። በ1.4 ሳንቲም አስሉት፦ የመጀመሪያው 820 ዶላር፣ ሁለተኛው 670 ይመጣል።

ከዚያ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ወንበሩ መኖሩን አረጋግጣለሁ፣ ወይም ደውዬ እጠይቃለሁ። ሁለት ቦታ ከታየ ብቻ ነው የማዛውረው። ያውም የሚያስፈልገውን ያህል እንጂ ያለኝን ሁሉ አይደለም። አንዳንዱ ዝውውር በደቂቃ ይገባል፣ አንዳንዱ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። የአየር መንገዱን ሰው በስልክ ካገኛችሁ ነጥቡ እስኪገባ ወንበሩን ይዘው ያቆዩላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፣ እሺ የሚሉ አሉ።

ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ፍለጋውን በአንድ ሰው ጀምሩና አንድ አንድ እየጨመራችሁ እዩ። አራት ብላችሁ ስትፈልጉ «የለም» ያለው ሁለት ስትሉ ሊኖር ይችላል። ሁለቱ በማይል፣ ሁለቱ በገንዘብ በአንድ አውሮፕላን መሄድ ይቻላል። ልጆቹን በየትኛውም በኩል ከአዋቂ ጋር አንድ ትኬት ላይ አድርጉ፣ ከዚያ ደውላችሁ ሁለቱን ቡኪንግ እንዲያያይዙላችሁ ጠይቁ።

ቢዝነስ ክላስ ላይ ስሌቱ ያታልላል። ትኬቱ 4,000 ዶላር፣ በማይል 80,000፤ አንዷ ማይል አምስት ሳንቲም አወጣች ብሎ መደሰት ቀላል ነው። ግን 4,000 ዶላር ከፍላችሁ ትሄዱ ነበር? ከኪሳችሁ እስከ 1,200 ብቻ የምትከፍሉ ከሆነ ለእናንተ ዋጋዋ 1.5 ሳንቲም ነው። ይህን አውቆ መግባት ነው እንጂ ቢዝነስ ክላስ አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ለአሥራ ሦስት ሰዓት እግራቸውን ዘርግተው ቢሄዱ ያ ማይል በደንብ ሰርቷል።

ደረጃ 5፦ ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ

ታክሱን በጉዞ ካርዳችሁ ክፈሉ። አንዳንድ ካርድ ታክሱ ብቻ እንኳ ሲከፈልበት ለሻንጣ መጥፋትና ለበረራ መዘግየት ኢንሹራንስ ይሰጣል፤ የካርዳችሁን ውል አንብቡ።

የማይሉን ዋጋም መከታተላችሁን አትተዉ። ዩናይትድና አሜሪካን ኤርላይንስ በማይል የተቆረጠ ትኬት ስትሰርዙ ማይሉን ያለ ቅጣት ይመልሳሉ። እንዲህ ባለ ፕሮግራም ትኬቱ ከ60,000 ወደ 45,000 ከወረደ አዲሱን ያዙና የድሮውን ሰርዙ። ሌሎች ፕሮግራሞች ለመሰረዝ ያስከፍላሉ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ስንት እንደሆነ እዩ።

ረጅሙን በረራ በማይል፣ ማገናኛውን በገንዘብ ለየብቻ ከገዛችሁ ሁለት የተለያየ ትኬት ይዛችኋል። የመጀመሪያው ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሁለተኛው አየር መንገድ አይመለከተውም። በመካከሉ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል።

ማይል ከሰው አትግዙ፣ ለሰውም አትሽጡ። ሁሉም ፕሮግራሞች ማለት ይቻላል ይከለክሉታል፤ ሲደርሱበት አካውንቱን ከነማይሉ ይዘጋሉ፣ ትኬቱንም ይሰርዛሉ። አካውንታችሁ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ (ለምሳሌ ወደ ስልክ የሚላክ ኮድ) ካለው አብሩት፣ ማይል ይሰረቃል።

ብዙ ዓመት ለማጠራቀምም አትሞክሩ። ማይል ወለድ አይወልድም፣ ዋጋውን የሚቆርጠውም አየር መንገዱ ብቻውን ነው። ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ዩናይትድ በ2019 ለየመስመሩ ስንት ማይል እንደሚጠይቁ የሚያሳየውን ቋሚ ሰንጠረዥ አነሱት፣ አሁን ዋጋው በየቀኑ ይለዋወጣል። እኔ የአንድ ጉዞ ማይል ሲሞላ እቆርጣለሁ።

ዓመታዊ ክፍያው ሊቆረጥ አንድ ወር ሲቀረው ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ያዙ። ዓመቱን ምን እንዳገኛችሁበት ደምሩ። ካላዋጣ ወደ ባንኩ ደውላችሁ ክፍያ ወደሌለው ካርድ ይለውጡላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ እንዲህ ሲሆን የክሬዲት ታሪካችሁ አይቋረጥም። የምትዘጉት ከሆነ ግን መጀመሪያ ነጥቡን አውጡ። አየር መንገዱ ጋ የገባ ማይል ካርዱ ቢዘጋም የእናንተ ሆኖ ይቆያል። ባንኩ ጋ የቀረ ነጥብ ግን ብዙ ጊዜ ከካርዱ ጋር አብሮ ይጠፋል።